ሮቴት፣ ሪቮልቭ፣ ስፒን እና ተርን፦ አንዱ በሌላው ይተካል?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ይህ ነው፦ መዝገበ ቃላቱ «ሮቴት» ከሚለው ቃል ጎን «ተርን፣ ስፒን፣ ሪቮልቭ» ብሎ ደርድሯል፤ አራቱንም «መዞር» ብለሽ ብትሸመድጃቸው ለ12ኛ ክፍል ፈተና ይበቃሻል? አይበቃሽም። እዚህ ጅማ ለብዙ ዓመታት እንግሊዝኛ ሳስተምር፣ በተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር ይበልጥ ሲጎዱ ያየኋቸው ታታሪዎቹን ተማሪዎች ነው። ሌሊቱን ሲያጠኑ አድረው ይመጡና ቃሉን ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲያስገቡት ይፈርስባቸዋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ የሚዞረውን ነገር ተመልከችና ዛቢያው የት እንዳለ ጠይቂ። ዛቢያው በራሱ ውስጥ ካለ ቃሉ ሮቴት ነው። ከራሱ ውጭ ያለን ነገር የሚዞር ከሆነ ሪቮልቭ ነው። የሳይንስ መጻሕፍት ይህን ልዩነት አጥብቀው ይይዙታል። መሬት በራሷ ዛቢያ ላይ መሾሯ ሮቴሽን ነው፤ ቀንና ሌሊት የሚፈራረቁትም በዚህ ነው። በፀሐይ ዙሪያ መዞሯ ሪቮሉሽን ነው፤ 365 ቀንና ሩብ ያህል ይፈጅባታል። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው ይህ ሩብ ቀን ተጠራቅሞ ነው። ሳይንስን በአማርኛ ተምረሽ ከሆነ «ሹረት» እና «ዙረት» የሚሉት ቃላት ትዝ ይሉሻል፤ ልዩነቱን ቀድመሽ ታውቂዋለሽ ማለት ነው።

ጨረቃ ላይ ግን ብዙዎች ይሰናከላሉ። ሁልጊዜ አንድ ፊቷን ብቻ ስለምናይ «ጨረቃ በራሷ ዛቢያ አትሾርም» ብለው ይመልሳሉ። ትሾራለች። አንድ ጊዜ ለመሾርም መሬትን አንድ ጊዜ ለመዞርም የሚፈጅባት እኩል 27 ቀን ከሲሶ ያህል ስለሆነ ነው ሌላው ፊቷ የማይታየን። ሁለቱን ቃላት በአንድ ጊዜ ለመያዝ ከጨረቃ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

የዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ ግን እንደ ሳይንሱ ጥብቅ አይደለም። በትልልቅ ሆቴሎች መግቢያ ላይ በራሱ ምሰሶ ዙሪያ የሚሽከረከረው በር በሳይንሱ ሕግ ሮቴት የሚያደርግ ነው፤ ስሙ ግን ሪቮልቪንግ ዶር ነው። እየተመለሰ እንደገና የሚበደረው ተዘዋዋሪ ፈንድም ሪቮልቪንግ ፈንድ ይባላል። እነዚህን እንዳሉ ተቀበያቸው። የአንድ ሰው ሐሳብና ኑሮ ሁሉ በልጆቹ ዙሪያ መሆኑን ለመናገር ስትፈልጊም ሪቮልቭን ከ«ኧራውንድ» ጋር ተጠቀሚ፤ ሮቴት እዚያ ቦታ አይገባም።

ሮቴት ደግሞ መዝገበ ቃላትሽ በሁለተኛው መስመር ላይ የሚጽፈው፣ ተማሪዎች ግን የሚዘሉት ትርጉም አለው፦ ማፈራረቅ፣ በየተራ ማዘዋወር። እኔ ከመጀመሪያው እኩል ትኩረት እሰጠዋለሁ፤ በሥራ ዓለም ብዙ የሚያጋጥምሽ እሱ ነውና። ክሮፕ ሮቴሽን ሲባል ዘንድሮ በቆሎ በተዘራበት ማሳ ላይ በሚቀጥለው ዓመት ባቄላ መዝራት፣ ማለትም ሰብል ማፈራረቅ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ «ሮቴሽን ላይ ነኝ» ካለሽ ከአንዱ የሕክምና ክፍል ወደ ሌላው በየተራ እየተዘዋወረ ይማራል ማለት ነው። የአፍሪካ ኅብረት የሊቀ መንበርነት ቦታ በአምስቱ የአህጉሪቱ ቀጣናዎች መካከል ሮቴት ያደርጋል። የመኪና መመሪያ ላይ «ጎማዎቹን ሮቴት አድርግ» የሚል ካነበብሽም የፊተኛውን ከኋለኛው ጋር አቀያይር ማለት ነው። ይህን «ጎማውን አሽከርክር» ብሎ የተረጎመ ሰው አይቻለሁ፤ መኪናው ሲሄድ ጎማው መሽከርከሩ መች ቀረና!

ስፒን ላይ አልቆይም። ፍጥነት አለበት፤ በዝግታ የሚዞርን ነገር ስፒን አንለውም። የቃሉ ጥንታዊ ትርጉም ክር መፍተል ነው፤ ዛሬም ጥጥ የምትፈትል ሴት ሥራዋ በእንግሊዝኛ ስፒኒንግ ነው። እንዝርቷ ሲሾር ያየ ሰው ቃሉ ለምን ለፍጥነት እንደዋለ አይጠፋውም። «ራሴን አዞረኝ» ለማለትም ትክክለኛው ቃል ስፒን ነው። ሮቴት ብትይ አንገትሽ ላይ ራስሽ እንደ መንኮራኩር ዞረ ማለት ይሆናል፤ ተርን ብትይ ደግሞ ዞር ብለሽ አየሽ ብቻ ነው።

የቀረው ተርን ነው፤ ከአራቱ ሰፊው፣ ስለዚህም አስቸጋሪው። ሙሉ ዙር መሆን የለበትም። ባጃጁ ወደ ግራ ሲታጠፍ ተርን ነው፤ ሰው ፊቱን ሲያዞር ተርን ነው፤ የመጽሐፍ ገጽ ሲገለጥ ተርን ነው። በአካባቢያችን የቶርኖ ቤት ካለ ገብተሽ እይ፦ ብረቱ ማሽኑ ላይ ሮቴት ያደርጋል፣ በስለት እየተላገ ቅርጽ የሚይዝበት ሥራ ግን ተርኒንግ ይባላል። እንዲያውም ከጣልያንኛ የወረስነው «ቶርኖ» እና የእንግሊዝኛው «ተርን» ከአንድ የላቲን ሥር የመጡ ዘመዳሞች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ተርን ከመዞር ርቆ ይሄዳል። በመኸር ወቅት አረንጓዴው የቡና ፍሬ ቀልቶ ለለቀማ ሲደርስ «ተርን ሬድ» ይባላል፤ ወተት ሲኮመጥጥ፣ ሰው ሃያ ዓመት ሲሞላው፣ አባ ጨጓሬ ቢራቢሮ ሲሆን ሁሉ ተርን ነው። እዚህ ላይ ትርጉሙ መለወጥ ወይም መሆን ስለሆነ ከሦስቱ አንዱም አይተካውም። ወረፋ ላይ ቆመሽ «ያንቺ ተራ ነው» ስትባይም ቃሉ ተርን ነው። «ዳውን» ሲከተለው እምቢ ማለት ወይም ድምፅ መቀነስ ይሆናል፤ «አፕ» ሲከተለው መምጣት፣ ብቅ ማለት ወይም ድምፅ መጨመር፤ «ኢንቱ» ሲከተለው ወደ ሌላ ነገር መለወጥ። ለፈተና ጊዜሽ አጭር ከሆነ፣ ሌላውን ትተሽ ተርንን ከሚከተሉት ትንንሽ ቃላት ጋር አጥኚ፤ ብዙ የምታተርፊው ከዚያ ነው።

አሁን ዝርዝሩን ወደ ጎን አስቀምጪና በዓይንሽ ካየሻቸው ነገሮች ለእያንዳንዱ ቃል ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፊ። የቡና መፈልፈያ ማሽን፣ የባጃጅ ጎማ፣ የእናትሽ እንዝርት፣ የሚቀላ የቡና ፍሬ፣ በቤታችሁ ማሳ ላይ የሚፈራረቀው ሰብል፤ ሁሉም ይሆናሉ። ለሮቴት ከሁለቱ አንዱ የማፈራረቅ ትርጉም ይኑረው። እዚሁ ስትለጥፊያቸው አርሜ እመልስልሻለሁ።