የኋላ ጎማ ሳይወላገድ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከዳንግላ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ትምህርት ቤት የማስተምር መምህር ነኝ። በየቀኑ ደርሶ መልስ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ኮረኮንች መንገድ የምመላለሰው ከባሕር ዳር ገዝቼ ባመጣሁት ያገለገለ ማውንቴን ብስክሌት ነው። ክረምቱ ካለፈ ወዲህ የኋላው ጎማ ሰንሰለቱ ወዳለበት ወደ ቀኝ አጋድሎ የቴላዮውን (የብስክሌቱን አጽም) ቱቦ ሊነካ የእርሳስ ውፍረት እንኳ አልቀረውም፤ በግራ በኩል ግን ሰፊ ክፍተት አለ። የሚገርመኝ፣ ጎማውን አንሥቼ ሳሽከረክረው አይወላገድም፤ ቀጥ ብሎ ነው የሚዞረው። አንድ ጠጋኝ ዳዶዎቹን ፈትቶ ጎማውን በእጁ ወደ ግራ ገፋ አድርጎ አሠረልኝ፤ በሳምንቱ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ሌላው ደግሞ ቴላዮው ስለተጣመመ በመዶሻ መመታት አለበት አለኝ። አልፎ አልፎ ግማሽ ኩንታል ዱቄት እጭንበታለሁ። ፍሬኑ ቸርኬውን ግራና ቀኝ በላስቲክ የሚይዝ ዓይነት ነው። ምን ይመክሩኛል? እስኪሠራ ድረስ ብነዳውስ ጉዳት አለው?

መምህሩ አንባቢያችሁ፣ ከዳንግላ

መልስ፦ መዶሻው ለጊዜው ይቆይ። ከደብዳቤዎ ውስጥ ዋናው ፍንጭ «ቀጥ ብሎ ነው የሚዞረው» ያሉት ነው። የሚወላገድ ጎማና መሃሉን የለቀቀ ጎማ እንደ አንድ ሕመም ቢቆጠሩም አንድ አይደሉም፤ ጎማ የሚወላገደው ከሽቦዎቹ ጥቂቶቹ ሲላሉ ወይም ሲበጠሱ ሲሆን፣ ሳይወላገድ ወደ አንድ ጎን የሚያጋድለው ግን በአንድ ወገን ያሉት ሽቦዎች በሙሉ ሲላሉ፣ ወይም ፔርኖው (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) በቦታው ሳይቀመጥ ሲቀር፣ ወይም በእርግጥም ቴላዮው ሲጣመም ነው። እነዚህን ለመለየት ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግዎትም።

በቀላሉ እንጀምር። ብስክሌቱን ሳይገለብጡ፣ በሁለት ጎማው እንደቆመ፣ የኋላዎቹን ዳዶዎች ያላሉ፤ ኮርቻውን በእጅዎ ወደ ታች ተጭነው የፔርኖው ሁለት ጫፎች በማስገቢያቸው ውስጥ እስከ መጨረሻው መግባታቸውን ካረጋገጡ በኋላ ግራና ቀኙን እያፈራረቁ ያጥብቁ። ከዚያም በጎማውና በቱቦዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት በሁለት ቦታ ይመልከቱ፤ አንዱ ከፔዳሉ በስተኋላ ባሉት የታችኞቹ ቱቦዎች ዘንድ፣ ሌላው ከኮርቻው ሥር በሚወርዱት የላይኞቹ ቱቦዎች ዘንድ። ጎማው ያጋደለው በአንደኛው ቦታ ብቻ ከሆነ ፔርኖው ተንጋዶ ታስሯል ማለት ነው። በሁለቱም ቦታ እኩል ወደ ቀኝ ካጋደለ ፔርኖው ከደሙ ንጹሕ ነው። የመጀመሪያው ጠጋኝ ያደረገው ነገር ቢኖር ፔርኖውን ማንጋደድ ነው፤ እንዲህ ሲታሰር ጎማው ለዓይን መሃል የገባ ቢመስልም ከፊተኛው ጋር በአንድ መስመር አይሄድም፣ ሰንሰለቱም በማርሹ ላይ ተጣሞ ይሠራል።

ጎማው ወይስ ቴላዮው የሚለውን ጥያቄ የሚፈታ አንድ ፍተሻ አለ፤ ሁለተኛው ጠጋኝ መዶሻ ከማንሣቱ በፊት ይህን ባለማድረጉ አዝኛለሁ። ፍሬኑን ያላሉ፤ ሰንሰለቱን አውልቀው ጎማውን ያውጡና የማርሹ ጥርሶች በግራ በኩል እንዲውሉ ገልብጠው መልሰው ያስገቡት። ቀድሞ ወደ ቀኝ ያጋድል የነበረው ቸርኬ አሁን ወደ ግራ ካጋደለ ጥፋቱ ከጎማው ነው። ገልብጠውትም ያው ወደ ቀኝ ካጋደለ ግን ጥፋቱ ከቴላዮው ነው። (ይህ የሚሠራው እንደ እርስዎ ባለ የላስቲክ ፍሬን ላይ ነው፤ ዲስክ ፍሬን ያለው ሲገለበጥ አይገባም።)

እኔ ጎማውን እጠረጥራለሁ። የኋላ ጎማ ከፊተኛው የሚለየው በቀኙ በኩል የማርሹ ጥርሶች ቦታ ስለሚይዙበት ነው። በዚህ ምክንያት የሽቦዎቹን ሥር የሚይዘው የሞዞው (የጎማው እምብርት) የቀኝ ክንፍ ወደ መሃል ገባ ይላል፤ የቀኝ ሽቦዎች ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ የግራዎቹ ዘመም ይላሉ። ነገሩ ቁጥራቸው እኩል የሆነ፣ ቦታቸው ግን እኩል ያልሆነ ሰዎች የሚያደርጉት የገመድ ጉተታ ነው፤ ቸርኬው መሃል ላይ እንዲቆም የቀኞቹ በብዙ ጠብቀው መወጠር ሲኖርባቸው የግራዎቹ ውጥረት ብዙ ጊዜ ከቀኞቹ ግማሽ ብዙም አያልፍም። ኋላው ላይ ግማሽ ኩንታል ጭኖ ኮረኮንች ላይ ሲሄድ፣ ጎማው መሬት በነካ ቁጥር ከታች በኩል የዋለው ሽቦ ለቅጽበት ይላላል፤ ቀድሞውንም የላላው የግራ ሽቦ ጭራሽ ውጥረት ያጣና በጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ዳዶ ቀስ እያለች ትፈታለች። ግራው ሲደክም ቀኙ ይስባል፤ ቸርኬውም ሳይወላገድ ወደ ቀኝ ይሄዳል። የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብ የታየኝ ይኸው ነው።

ሽቦዎቹን እንደ ክራር በጣትዎ እየመቱ ያዳምጡ። የቀኞቹ ቀጭን፣ የግራዎቹ ወፈር ያለ ድምፅ መስጠታቸው ትክክል ነው፤ የግራዎቹ ድምፅ ጨርሶ ከጠፋ፣ ወይም ሽቦው በእጅ ሲያዝ ከተንቀጫቀጨ ግን ምክንያቱን አግኝተዋል።

ስንት ሚሊ ሜትር እንደሄደ ለማወቅ ጎማውንና ካላማዳሪያውን አውልቀው እኩል ቁመት ያላቸው ሦስት የውሃ ብርጭቆዎች ጠረጴዛ ላይ ደፍተው ቸርኬውን በእነሱ ላይ ያስተኙት፤ የቡና ሲኒ ስለሚያጥር ፔርኖው ጠረጴዛውን ይነካብዎታል። ከጠረጴዛው እስከ ታችኛው የኩሽኔታ መጠበቂያ ዳዶ ፊት ያለውን ርቀት በማስመሪያ ይለኩ፤ ገልብጠው በሌላው ወገን ይድገሙት። ሁለቱ ልኬቶች እኩል ሲሆኑ ቸርኬው መሃል ነው። እኩል ካልሆኑ ቸርኬው የሄደው ርቀቱ ወደ በዛበት ወገን ሲሆን፣ ስሕተቱም የልዩነታቸው ግማሽ ነው፤ አንዱ 32 ሌላው 26 ሚሊ ሜትር ቢሆን ቸርኬው መሃሉን የለቀቀው በ3 ሚሊ ሜትር ነው።

ጎማው ከወለቀ ዘንድ የሽቦ ቁልፍ ባይኖርዎትም ግድ የለም። በቸርኬው ውስጥ የተጠቀለለውን ሪባን ሲያነሡ የትንንሾቹን ዳዶዎች ራስ ያያሉ፤ ካቻቢቴ የሚገባበት ጭረት አላቸው። በፒንሳ ማዞር ግን ዳዶዋን አድቦልቡሎ ያበላሻታል። ከዚህ ወገን፣ ማለትም ከውጭ ሆነው ሲያዩት፣ እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፤ ከሞዞው በኩል ለሚመለከት ግን አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በእያንዳንዷ ዳዶ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ያድርጉ። ከዚያ አየር ከሚሞላበት ቀዳዳ ጀምረው የግራ ሽቦዎችን ብቻ፣ አንዱንም ሳይዘሉ፣ እያንዳንዳቸውን ሩብ ዙር ያጥብቁ። ጎማዎ 36 ሽቦ ካለው 18ቱን፣ 32 ካለው 16ቱን ማለት ነው። አንድ ሙሉ ዙር ዳዶዋን በሽቦው ላይ የሚያስኬዳት ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ሩብ ዙር ትንሽ ቢመስልም ቸርኬው ሲንቀሳቀስ በልኬቱ ላይ ይታያል። አንድ ዙር እንደጨረሱ ብርጭቆዎቹ ላይ መልሰው ይለኩ፤ መሃል እስኪገባ ድረስ ይህንኑ ይደጋግሙ። ይህ ሥራ ችኮላ አይወድም። የግራዎቹ በሚገባ ጠብቀው ሳለ ቸርኬው ገና መሃል ካልደረሰ የቀኞቹን ሩብ ዙር ማላላት ይሻላል። በመጨረሻ ሽቦዎቹን ሁለት ሁለቱን በእጅዎ እየያዙ ጨመቅ ጨመቅ ያድርጓቸውና በድጋሚ ይለኩ፤ ከዳዶዋ ራስ አልፎ የወጣ የሽቦ ጫፍ ካለ ካላማዳሪያ ይበሳልና በሞረድ ያስተካክሉት።

የግራ ሽቦዎች ጠንካራ ሆነው ሳለ ብርጭቆው ቸርኬው ወደ ቀኝ መሄዱን ካሳየስ? እንግዲያው በቅርቡ ኩሽኔታው ተፈትቶ እንደሆነ ያስታውሱ። በፔርኖው ግራና ቀኝ ያሉት ቀለበቶች ውፍረታቸው የተለያየ ሲሆን፣ ሲገጠሙ ቦታ ከተለዋወጡ ሞዞው በሙሉ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ማርሹም ከዚያው ቀን ጀምሮ አልገባ ማለቱ ምልክቱ ነው። መድኃኒቱ ቀለበቶቹን ወደ ቦታቸው መመለስ እንጂ ሽቦ መነካካት አይደለም።

የመገልበጡ ፍተሻ ጥፋቱን በቴላዮው ላይ ካሳየ ደግሞ አንድ ሲባጎ ከቀኙ የፔርኖ ማስገቢያ አስነሥተው በመሪው ሥር ባለው ቱቦ ፊት አዙረው ወደ ግራው ማስገቢያ ወጥረው ይሰሩ፤ ከኮርቻው በሚወርደው ቱቦና በሲባጎው መካከል ያለው ርቀት ግራና ቀኝ እኩል ካልሆነ ቴላዮው ተጣሟል። የብረት ቴላዮ በልምድ ባለ እጅ ሊቀና ይችላል፤ ባሕር ዳር ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ ባጃጅ ከመብዛቱ በፊት ብስክሌት የሠራተኛውም የተማሪውም እግር ነበርና፣ እዚያ ይህን የሚያውቅ አዛውንት ጠጋኝ አይጠፋም። የአሉሚኒየም ቴላዮ ግን ተመልሶ ሲታጠፍ ስለሚሰነጠቅ አይቀናም። ማግኔት ያስጠጉበት፤ ከያዘው ብረት ነው።

እስከዚያው መንዳቱን በተመለከተ፣ ጎማው ቱቦውን እስካልነካና የፍሬኑ ላስቲኮች ጎማውን ሳይሆን ቸርኬውን እስከያዙ ድረስ ባዶውን ቀስ ብለው ሊነዱት ይችላሉ። ዱቄቱን ግን ለባጃጅ ይስጡት፤ የላሉት ሽቦዎች ክብደት ሲበዛባቸው መበጠስ ይጀምራሉና። ካስተካከሉት በኋላም በሁለተኛው ሳምንት የግራዎቹን ድምፅ መልሰው ያዳምጡ፤ የደከመ ካለ ሩብ ዙር ይበቃዋል።