ፊልትሮው እምቢ አለኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ሥራዬ ወደ ሐረርና ወደ ገጠር ቀበሌዎች ስለሚያመላልሰኝ ያገለገለ ሱዙኪ ቪ-ስትሮም 650 ሞተር ሳይክል ገዝቻለሁ። ዘይቱን በራሴ ልቀይር ብዬ አሮጌውን አፈሰስኩ፤ የዘይት ፊልትሮው ግን አልፈታ አለ። በእጄ ሞከርኩ፤ በፒንሳ ብይዘው ተጨራመተ። ጓደኛዬ የዝገት መፍቻ ረጨበት፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ በካቻቢቴ ወግቼ ብጠመዝዘው ቆርቆሮው ተቀደደ። አንድ ሰው ደግሞ በጋዝ እሳት አሙቀው አለኝ። አሁን ግቢዬ ውስጥ ቆሟል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እሳቱን እርሳው። የተቀደደው ፊልትሮ ውስጥ ገና ዘይት አለ፤ ከበላዩ ደግሞ የቤንዚን ጋኑ ተቀምጧል። ይህን ምክር የሰጠህ ሰው ደግነት አስቦ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሰውም ንብረትም የሚያቃጥል ምክር ነው።

የዝገት መፍቻውም ያልሠራው በምክንያት ነው። ብዙ ሰው ፊልትሮ የሚጣበቀው ጥርሱ ዝጎ ይመስለዋል። ጥርሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ዘይት ውስጥ ነው፤ ከየት መጥቶ ይዝጋል? አንቆ የያዘው በፊልትሮውና በሞተሩ መካከል ያለው የጎማ ቀለበት ነው። አንተ ከመግዛትህ በፊት የገጠመው ሰው ቀለበቱን ዘይት ሳይቀባ፣ ደረቁን፣ በመፍቻ አጥብቆት ይሆናል። በዚህ ሞተር ሳይክል ላይ ፊልትሮው ከፊት፣ ከጭስ ማውጫው ቱቦ አጠገብ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ላይ የቱቦው ሙቀት ሲጨመር ያ ጎማ ከብረቱ ጋር ይጣበቃል። የረጫችሁት ፈሳሽ እዚያ አይደርስም፤ ቆርቆሮውን ከማንሸራተት በቀር። ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙና ውኃ አጥበህ አድርቀው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ የጠመዘዝከው እንዴት ሆነህ ነው? ከሞተር ሳይክሉ ፊት ተቀምጠህ የፊልትሮውን ጫፍ እያየህ ከሆነ የሚፈታው ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው። ኮርቻው ላይ ሆነህ ከላይ ወደ ታች እጅህን ሰደህ ከሆነ ግን አቅጣጫው ይገለበጥብሃል፤ ስትፈታ የዋልክ መስሎህ ስታጠብቅ ትውላለህ። ይህ በልምድ ሠራተኛም ላይ ሲደርስ አይቻለሁ። ከጎኑ በጠመኔ ቀስት ሣልበት፤ ከዚያ በኋላ ማሰብ አይኖርብህም።

አሁን ካቻቢቴውን አውጣና ዳግመኛ አትውጋው። ቆርቆሮው ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት በኩል ጤነኛ ከሆነ አንድ ዕድል አለህ። ሸካራው ፊት ወደ ቆርቆሮው እንዲሆን የብርጭቆ ወረቀት ጠምጥምበት፤ በላዩ የቀበቶ መፍቻ ወይም ጠንካራ ቀበቶ ከእጀታ ጋር አስረህ፣ በተቻለ መጠን ወደ ሥሩ አስጠግተህ ሳትነጥቅ ቀስ ብለህ ሳበው። ሥሩ ጋ ብረቱ ድርብ ስለሆነ አይጨራመትም።

ያ ካልሆነ ቆርቆሮውን በቆርቆሮ መቀስ እየቆረጥክ አንሳው። በሴጌቶ አትቁረጥ፤ ፍቅፋቂ ይበትናል። የውስጡን ወረቀት ስታወጣ ወፍራም ክብ ብረት ብቻ ይቀርሃል፤ መሃሉ ላይ ጥርስ፣ ዙሪያውን ትንንሽ ቀዳዳዎች ያሉት። ዘይቱ የሚገባው በዙሪያው ቀዳዳዎች ነው፤ ተጣርቶ ወደ ሞተሩ የሚመለሰው በመሃሉ ቱቦ ነው። ስለዚህ መሃሉን በንጹሕ ጨርቅ ድፈነው፤ በዚያ የገባ ቅንጣት ብረት የሚያጣራው የለም። ስትጨርስ ጨርቁን ማውጣት አትርሳ።

ከዚያ ደነዝ መሮ ወይም ጫፉ ጠፍጣፋ ብረት ከአንዱ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ አስደግፍና ወደ ቀስትህ አቅጣጫ በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርገው። ጥቂት መትተህ ወደ ትይዩው ቀዳዳ ተሻገር። መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው በፀጉር ስፋት ነው፤ አትናደድ። አንዴ ጎማው ከለቀቀ ቀሪው በእጅ ይወጣል።

መሮው የሞተሩን አሉሚኒየም እንዳይነካ ግን አደራህን። ተለማማጅ ሳለሁ ቸኩዬ መሮውን በብረቱና በሞተሩ መካከል ሰነቀርኩት። ፊልትሮው ወጣ፤ ነገር ግን ቀለበቱ በሚያርፍበት ፊት ላይ ጭረት ቀረ። ባለቤቱ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ዘይት እየረጨ ቆመ፤ ያ ሰው መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ የቆመበት ቀን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አባቴ የምድር ባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነበር። ቡሎን እምቢ ሲለው መዶሻ ከማንሣቱ በፊት ቁጢጥ ብሎ ዙሪያውን ያይ ነበር፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

አዲሱን ልትገዛ ስትሄድ የቀረውን ብረት ይዘህ ሂድ። የአንተው ጥርስ ውፍረቱ 20 ሚሊሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.5 ሚሊሜትር ነው፤ ቁመናው መሰለኝ ብለህ እንዳትወስድ። ቤት ስትደርስ የአሮጌው ጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን በጣትህ ዳስስ። ቀለበት በቀለበት ላይ ከተደረበ ሞተሩ በተነሣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ዘይቱን ይተፋዋል። የመሃሉ ቱቦም ከአሮጌው ጋር ተፈትቶ እንዳልወጣ እይ። አዲሱን ቀለበት ንጹሕ ዘይት ቀባው፤ እስኪነካ በእጅህ አጥብቅ፤ ከነካ በኋላ ስንት ዙር እንደሚጨመር የሞተር ሳይክሉ መመሪያ መጽሐፍ ይነግርሃል። ያንን ቆጥረህ አቁም፤ በእልህ አትጨምር።

የተቃጠለውን ዘይት በጀሪካን አጠራቅመህ ለሚረከብ ጋራዥ ስጥ እንጂ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አታፍስሰው፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ተሸክሞ ወደ ሰው ማሳ ይወስደዋል።

አዲስ ዘይት ከሞላህ በኋላ አስነሥተህ ጥቂት ደቂቃ አቆየው፤ አጥፍተህ የዘይቱን መጠን እይ። ከዚያ ከሳቢያን እስከ ከዚራ ሰፈር ደርሰህ ተመለስና የፊልትሮውን ሥር በነጭ ጨርቅ ጥረገው። የጭስ ማውጫው ቱቦ ስለሚያቃጥል እጅህን ጠብቅ። ጨርቁ ደረቅ ከወጣ የሐረርን መንገድ መጀመር ትችላለህ።