አዲሱ ቤቴ ያልበዋል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቤታችን ደሴ፣ ጦሳ ግርጌ ተዳፋት ላይ ነው። ግንቦት ተለስኖ ሰኔ ተቀባ፤ ሐምሌ ገባንበት። አሁን ነሐሴ ላይ የመኝታ ቤቱ የጀርባ ግድግዳ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ረጥቧል። ቀለሙ ይላጣል፣ ከሥሩም ነጭ ዱቄት ይወጣል። ግንበኛው «የዘይት ቀለም ደርቡበት፣ ይጠፋል» ይለናል። እንደርብበት?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ቀለም ግን እንዳትደርቢ! የዘይት ቀለም ውሃውን ያፍነዋል እንጂ አያደርቀውም፤ ቆይቶ እንደተቃጠለ ቆዳ ይቋጥራል። እኔም የራሴን ሳሎን እንዲህ አበላሽቻለሁ፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

አዲስ ቤት መቼም ውሃ ጠጥቶ ነው የሚቆመው። ልስኑ ሳይደርቅ ቀባችሁት፣ በላዩ ክረምቱ መጣ። ኮምቦልቻ ቢሆን ሙቀቱ ያግዛችሁ ነበር፤ የደሴ ጉም ግን ያው ታውቂዋለሽ።

እኔን የከነከነኝ ያ አንድ ክንድ ነው። ከታች ወደ ላይ የሚወጣ እርጥበት ከመሬት ነው የሚመጣው። ዝናቡ ሲያባራ ወጥተሽ ከቤቱ ጀርባ እዪ። ለቤቱ ቦታ ሲደለደል የተቆረጠው አፈር ግድግዳውን ተደግፎታል? የአሸንዳው ውሃስ እዚያው ሥሩ ይወርዳል? ከሆነ አፈሩን ከውስጡ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡት። ውሃውን ወደ ጎን የሚያወጣ ቦይም ቅደዱ። ግንበኛውን ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ በመሠረቱና በብሎኬቱ መሃል የመሬቱን እርጥበት የሚያግድ ላስቲክ አንጥፏል? «ምን ያደርጋል?» ካለሽ መልሱን አገኘሽ።

ነጩ ዱቄት ጨው ነው፤ ውሃው ይዞት ወጥቶ ሲደርቅ የቀረ። በደረቅ ብሩሽ ጥረጊው። በውሃ ካጠብሽው ተመልሶ ይገባል።

የተላጠውን ቀለም ፍቂና ግድግዳው ይተንፍስ። አልጋውን ፈቀቅ፣ መስኮቱን ቀን ቀን ከፈት። ለማድረቅ ብላችሁ ግን ከሰል አስገብታችሁ በር እንዳትዘጉ፤ ሰው ይገድላል።

መድረቁን ለማወቅ ስንዝር የሚያህል ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ለጥፊበትና 2 ቀን ተይው። ከላስቲኩ ጀርባ ጤዛ ካየሽ ግድግዳው ገና ነው። ጤዛው በፊት በኩል ከሆነ ደግሞ ከትንፋሻችሁ፣ ከምግቡ እንፋሎትና ቤት ውስጥ ከምታሰጡት ልብስ ነው።

ቀለሙ ለጥር ይቆይ፣ በልጉ ሳይገባ። ያኔም የውሃ ቀለም ነው።