ድግጣ «ጥራጥሬ» ይባላል?

ጥያቄ፦ ለተማሪዎች የተዘጋጀ አንድ ጽሑፍ «ድግጣ ቢጫ አበባ ያለው የጥራጥሬ ዝርያ ነው» ይላል። እኛ አካባቢ ድግጣ የሚታወቀው የከብት ቅማል በማጥፋት እንጂ በመበላት አይደለም። አማርኛው ትክክል ነው? ደግሞስ ድግጣ ነው ወይስ ዝግጣ?

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ልክ ነው። ጸሐፊው ሊናገር የፈለገው ነገር እውነት ነው፤ የመረጠው ቃል ግን አንባቢን ያሳስታል።

«ጥራጥሬ» በአማርኛ የጎተራና የድስት ቃል ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ጓያ ስንል የሚወቃ፣ የሚከካ፣ የሚቀቀል ፍሬ ማለታችን ነው። ዕፅዋትን የሚያጠኑ ሰዎች ግን ቤተሰብ ሲመድቡ የሚመለከቱት የአበባውንና የፍሬውን አሠራር ነው፤ መበላቱ አያገባቸውም። ባቄላም፣ አተርም፣ ድግጣም የሚመደቡበት፣ ፋባሴ የሚሉት ቤተሰብ ከ19 ሺህ በላይ ዝርያዎች አሉት። ግራር እዚያ ውስጥ ነው፤ ብርብራም፣ ቀንጠፋም። ግራርን ጥራጥሬ የሚል ገበሬ የለም። በእንግሊዝኛ ለተክሉ ወገንም ለሚበላው ፍሬም አንድ ቃል ስለሚያገለግል፣ ትርጉም ላይ «ጥራጥሬ» ሁለቱንም እንዲሸከም ይገደዳል፤ አይችልም።

ዝምድናው ግን በዓይን የሚታይ ነው። አንድ የድግጣ አበባ ቀጥፈው ከባቄላ አበባ አጠገብ ያኑሩት። ሁለቱም አምስት የአበባ ቅጠል አላቸው፦ ሰፊው ከላይ ቀና ብሎ ይቆማል፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ ይዘረጋሉ፣ የቀሩት ሁለቱ ከታች ተገጣጥመው ወንዴውንና ሴቴውን ክፍል ያቅፋሉ። ልዩነቱ ከውስጥ ነው። ብናኝ የሚሸከሙት ዘንጎች በሁለቱም ዐሥር ናቸው፤ ነገር ግን የባቄላው ዘጠኙ ተጣብቀው አንዱ ብቻ ተነጥሎ ሲቀር፣ የድግጣው ዐሥሩም ከግርጌያቸው በስተቀር የተለያዩ ናቸው። መርፌ ይዞ አበባውን ፈልቀቅ ያደረገ ተማሪ ይህን አይረሳውም።

ቅጠሉ በአንድ ዘንግ ላይ ግራና ቀኝ ተደርድሮ ጫፉ ላይ አንድ ብቸኛ ቅጠል ይዞ ያበቃል፤ አተር በዚያ ቦታ የሚጠመጠም ክር ነው የሚያወጣው። አበባው ወርቃማ ቢጫ ሆኖ በዘለላ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ፍሬው ስስና ጠፍጣፋ ነው፤ በአንድ ጠርዙ በኩል ቀጭን ክፈፍ አለው። የአተር ፍሬ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ዘሩን ያፈሳል፤ የድግጣ ግን ደርቆም ሳይከፈት ተንጠልጥሎ ይቆያል። ለዚህ ዘር ለሚይዘው ሽፋን፣ በርበሬ ላይ እንደምንለው፣ «ዛላ» ብንል ያስኬዳል።

የቃሉ ጉዳይ ከሰዋስው በላይ ያሳስበኛል። የድግጣ ቅጠል ተወቅጦ በውኃ ተዘፍዝፎ ቅማልና መዥገር የሚታጠብበት፣ ውስጡ መርዝ ስላለ ነው። ጥራጥሬያችን ውስጥም የዚሁ ዓይነት መራራ ኬሚካል ያለው አለ፦ ግብጦ። የጎጃም ሰው ግብጦን ቆልቶ ለቀናት ውኃ ውስጥ የሚያቆየው ምሬቱና መርዙ እንዲወጣ ብሎ ነው። እንግዲህ ግብጦ መርዝ እያለበትም በዘዴ ስለሚበላ ጥራጥሬ ነው፤ ድግጣ ደግሞ የአተር ዘመድ ሆኖ ሳለ ጥራጥሬ አይደለም። ልጅ «ጥራጥሬ» የተባለውን ቢቀምስ ማን ይፈርድበታል?

«ዝርያ» የሚለውም ቦታውን ስቷል። ዝርያ የምንለው አንዱን የተለየ ዓይነት ነው፤ ድግጣ ራሱ አንድ ዝርያ ነው፤ ዝርያዎች የሚሰበሰቡበት ትልቁ ክፍል «ቤተሰብ» ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ድግጣ ከአተር ቤተሰብ የሚመደብ፣ ቢጫ አበባው በዘለላ የሚንጠለጠል፣ የማይበላ ቁጥቋጦ ነው።» ሲመቸው ቁመቱ የትንሽ ዛፍ ያህል ቢሆንም፣ በየአጥሩና በየዳገቱ በብዛት የምናየው ቁጥቋጦውን ስለሆነ ቃሉ ይበቃል።

ድግጣም ዝግጣም ይባላል፤ ሁለቱም የሕዝብ አነጋገር ናቸው፣ አንዱ የሌላው ስህተት አይደለም። ለመማሪያ ጽሑፍ ድግጣን መርጦ ዝግጣን አንድ ጊዜ በቅንፍ መጥቀስ፣ ከዚያ በኋላ ከተመረጠው አለመውጣት ነው።