51ኛዋ ኮከብ ለማን ትድረስ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤናዎን ይስጥልኝ። ታላቅ እህቴ ዋሽንግተን ዲሲ ከገባች ቆይታለች፤ ዜግነትም ወስዳለች። ሰሞኑን የመኪናዋን ፎቶ ላከችልን። ታርጋው ላይ «ያለ ውክልና ግብር መክፈል ይብቃ» የሚል ነገር ተጽፎበታል። ምንድነው ብላት «እዚህ እኮ ሴናተር የለንም፣ ስቴት አይደለንም» አለችኝ። የኃያሏ አገር ዋና ከተማ እንዴት ሴናተር አይኖረውም? የአጎቴ ልጅ ደግሞ «ዲሲን ተዋት፣ ቀጣዩ ስቴት ፖርቶ ሪኮ ነው» ብሎ ድርቅ ብሏል። ምሳ ተወራርደናል። ማን ነው የሚያሸንፈው?
ታናሽ ወንድም፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወንድሜ፣ በእኔ ግምት የአጎትህ ልጅ ይቀርባል። ምሳው ግን ቶሎ የሚበላ አይመስለኝም፤ ገንዘቡን ሌላ ነገር ላይ አውሉት።

እህትህ ያለችው እውነት ነው፤ ሴናተር የሚኖረው ስቴት ብቻ ነው። መጀመሪያ ግን አድራሻዋን አጣራ። እኛ ወሎ ያለን ሰዎች እዚያ አካባቢ ያለ ዘመድ ሁሉ «ዲሲ ነው» እንላለን። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውም ዲሲ፣ አሌክሳንድሪያ ያለውም ዲሲ። ሲልቨር ስፕሪንግ ግን ሜሪላንድ ነው፣ አሌክሳንድሪያም ቨርጂኒያ። በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል ድንበሩን የሚያሰምረው ኢስተርን አቬኑ የሚባል መንገድ ነው። ከመንገዱ ወዲህ ያለው የዲሲ ነዋሪ ሴናተር የለውም። መንገዱን ተሻግሮ ሜሪላንድ ቤት የተከራየው ጎረቤቱ ሁለት ሴናተርና ድምፅ ያለው የምክር ቤት ተወካይ አለው። ሁለቱም ዜጋ ናቸው፣ ሁለቱም ለፌደራል መንግሥቱ ግብር ይከፍላሉ። የታርጋው ጽሑፍ ይህንን ነው የሚያማርረው። ከተማዋ መፈክሩን ታርጋ ላይ ማተም የጀመረችው በ2000 ነው (የአሜሪካውን ነገር ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። መፈክሩ ራሱ አሜሪካኖች በእንግሊዝ ላይ ሲያምፁ ያነሡት የጥንት አቤቱታ ነው። የዲሲ ሰዎች የአያቶቻቸውን ቃል መልሰው ለራሳቸው መንግሥት ነው የሚያሳዩት። ጥሩ አድርገዋል እላለሁ።

የአሌክሳንድሪያ ነገር ደግሞ ይገርማል። ዋና ከተማው ሲመሠረት የአሌክሳንድሪያ መሬት የዲሲ አካል ነበር። በ1846 ለቨርጂኒያ ተመለሰ። ስለዚህ ዛሬ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ዘመድህ ሴናተር ያገኘው በዚያ ውሳኔ ነው።

ዲሲ ምን አላት? ከንቲባና ምክር ቤት አላት። ግን ምክር ቤቷ ያወጣውን ሕግ ኮንግረስ (ሴኔቱና የተወካዮች ምክር ቤቱ አንድ ላይ) ሊሽረው ይችላል፤ በ2023 የከተማዋን አዲስ የወንጀል ሕግ እንዲሁ አድርጎ ሽሮታል። የተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ አንዲት ተወካይ አለቻት፤ ትናገራለች፣ በኮሚቴ ትሠራለች፣ ሕግ ሲጸድቅ ግን ድምፅ የላትም። ለፕሬዚዳንት ምርጫ ግን ከ1961ቱ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ወዲህ፣ ነዋሪው መርጦ ላሸነፈው እጩ የሚሰጥ 3 የምርጫ ድምፅ አላት።

በሕዝብ ብዛት ካየናት የምትናቅ አይደለችም። የ2020 ቆጠራ 689,545 ሰው አግኝቶባታል። ዋዮሚንግ 576,851 ነው፣ ሁለት ሴናተር አለው። ቨርሞንትም ከዲሲ ያንሳል። በ2016 ነዋሪው ድምፅ ሲሰጥ ከመቶ 85 በላዩ ስቴት እንሁን አለ። በ2021 የተወካዮች ምክር ቤት 216 ለ208 አጸደቀው። ስሙ ሳይቀር ተዘጋጅቶለት ነበር፦ «ዋሽንግተን፣ ዳግላስ ኮመንዌልዝ»፤ ከባርነት አምልጦ ባርነትን ሲታገል በኖረው በፍሬድሪክ ዳግላስ ስም። ዲሲ የሚለው ምህጻር እንዳለ ይቆያል ማለት ነው። ሴኔት ደርሶ እዚያው ቀረ።

ለምን ቀረ? ዲሲ በየምርጫው ለዲሞክራቶች ነው የምትሰጠው፤ ያውም ከመቶ 90 አካባቢ። ስቴት ትሁን ማለት ሁለት የዲሞክራት ሴናተር በነፃ ውሰዱ ማለት ነው። ሪፐብሊካን ይህን እንዴት ይፈርማል? ስለ ሕገ መንግሥት የሚነሣው ክርክር ብዙ ነው፣ አንዳንዱም እውነት አለው፤ ሥሩ ግን የወንበር ሒሳብ ነው።

ከሕጉ ክርክር አንዱን ግን ላጫውትህ። ዲሲ ስቴት ብትሆን እንኳ ዋይት ሐውስና የኮንግረሱ ሕንፃ ያሉበት ጠባብ ቦታ የፌደራል ይዞታ ሆኖ ይቀራል። ያ 1961 የተሰጠው 3 ድምፅ ደግሞ የዚያ ይዞታ ነው። ማሻሻያው ካልተሰረዘ እዚያ ውስጥ የሚቀረው መራጭ ማን ነው? የፕሬዚዳንቱ ቤተሰብ! ባልና ሚስት ቁርስ ላይ ተማክረው 3 ድምፅ ሊሰጡ ነው። ኮንግረስ ይህን ለማስተካከል አስቦበት ነበር፤ ግን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሰረዝ የሦስት አራተኛ ስቴቶችን ይሁንታ ይጠይቃል።

አሁን ወደ አጎትህ ልጅ። ፖርቶ ሪኮን፣ ያቺን የካሪቢያን ደሴት፣ አሜሪካ ከስፔን የወሰደችው በ1898 ነው። ሕዝቡ በ1917 ዜግነት አገኘ። በ1952 የራሱን ሕገ መንግሥት አወጣ። ገዢውን ራሱ ይመርጣል፤ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንት ግን አይመርጥም። ያው ሰው አውሮፕላን ተሳፍሮ ፍሎሪዳ ስቴት፣ ኦርላንዶ ቢገባና ነዋሪ ቢሆን ይመርጣል። ሰውየው ያው፣ ፓስፖርቱም ያው።

አንድ ጉዳይ ልንገርህ። አንድ የታመመ ሰው ኒው ዮርክ ሳለ ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን የፌደራል ድጎማ ይቀበል ነበር። ከዚያ ወደ ፖርቶ ሪኮ ተዛወረ። ድጎማው እዚያ አይሠራም ነበርና መንግሥት የበላውን 28 ሺህ ዶላር መልስ ብሎ ከሰሰው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2022 ፍርድ ቤቱ 8 ለ1 ድጎማውን መከልከል ይቻላል ብሎ ፈረደ። አንዱ ምክንያት ደግሞ የደሴቲቱ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የፌደራል የገቢ ግብር አይከፍልም የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። የጡረታና የሕክምና መዋጮውን ግን ይከፍላል። ስቴት ቢሆኑ የገቢ ግብሩም ይመጣል፤ ለዚህ ነው ነጋዴው ሁሉ እልል የማይለው።

ታዲያ ለምንድነው ፖርቶ ሪኮ ትቀርባለች የምለው? የሕገ መንግሥት ቋጠሮ የለባትም። ኮንግረስ አንድ ተራ ሕግ ቢያወጣ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ሴናተሮቿ የማን እንደሚሆኑ እርግጠኛ የሚሆን የለም። በ2024 የተመረጠችው ገዢ በአሜሪካ ፖለቲካ ሪፐብሊካን ናት። በዚያው ቀን ወደ ዋሽንግተን እንዲሄድ የተመረጠው ተወካይ ከዲሞክራቶች ጋር ይቀመጣል። እንዲህ ዓይነት ሕዝብ ለሁለቱም ወገን ተስፋ ይሰጣል።

ግምት ደግሞ ይገለበጣል። አላስካና ሃዋይ በ1959 ሲገቡ ፖለቲከኞቹ አላስካ ለዲሞክራት፣ ሃዋይ ለሪፐብሊካን ብለው አስልተው ነበር። ውሎ አድሮ አላስካ የሪፐብሊካን፣ ሃዋይ የዲሞክራት ምሽግ ሆኑ።

«ስፓኒሽ ተናጋሪ ስለሆኑ አይቀበሏቸውም» የሚልም አለ። ኒው ሜክሲኮም ስፓኒሽ ተናጋሪና ካቶሊክ ስለበዛበት እየተባለ ከ1850 እስከ 1912 በር ላይ ቆሟል። 62 ዓመት! በመጨረሻ ግን ገባ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሲዳማ አንድ ጊዜ ድምፅ ሰጥቶ ክልል ሆነ። ፖርቶ ሪኮ ስንቴ ድምፅ ሰጠች፣ ለምን አልሆነላትም?
ተማሪ፣ ከደሴ

መልስ፦ አንቺ ጥሩ ነገር አነሣሽ። ልዩነቱ በሩን የሚከፍተው ማን ነው የሚለው ላይ ነው።

የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 47 ክልል የመመሥረትን ነገር መብት ብሎ ነው የጻፈው። የብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። የነበረበት ክልል በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። አብላጫው ከደገፈ ሥልጣን ይተላለፋል፤ ፌደራል መንግሥቱን ማመልከቻ ይዞ መለመን የለም። ሲዳማ ኅዳር 10 ቀን 2012 ድምፅ ሰጥቶ ከመቶ 98 በላይ ደገፈ፣ በዚያው ዓመት 10ኛው ክልል ሆነ። በወረቀት ላይ ያለው አንድ ዓመት እዚህም አልተከበረም፤ ቀኑ አልፎ ነው ድምፅ የተሰጠው፣ በመሀልም ሰው ሞቷል። መንገዱ ግን በጽሑፍ አለ።

አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ መብት የለም። ሕገ መንግሥቱ «ኮንግረስ አዳዲስ ስቴቶችን ሊቀበል ይችላል» ይላል፣ በቃ። ይችላል እንጂ ይገባዋል አይልም። የእኛን ቅሬ (ዕድር) አስቢው፤ አዲስ ሰው የፈለገውን ያህል መዋጮ ቢያቀርብ የሚያስገባው ነባሩ አባል ነው። ነባሮቹ 50 ስቴቶች ደግሞ የሚያጡት ነገር አለ። የተወካዮች ምክር ቤት 435 ወንበር ብቻ ነው ያለው። ፖርቶ ሪኮ ከ3.2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ስላላት 4 ገደማ ይደርሳታል። ያ 4 ከሌሎች ላይ ነው የሚነሣው።

ድምፁን ስንቴ ሰጠች ላልሽው፣ 7 ጊዜ ነው፦ 1967፣ 1993፣ 1998፣ 2012፣ 2017፣ 2020 እና 2024። አንዳቸውም ኮንግረስን አያስገድዱም። ውጤቱም ቢሆን አነጋጋሪ ነው። በ2017 ከመቶ 97 ስቴት ይሁን አለ። ያምራል አይደል? ድምፅ የሰጠው ግን ከመራጩ ሩቡም አይሞላም፤ ተቃዋሚዎቹ ቤታቸው ነበር የዋሉት። በ2020 ጥያቄው «አዎ ወይስ አይ» ሆነ፣ አዎ ያለው ከመቶ 52 ከፍ ይላል። ይኼኛው ነው እኔን የሚያሳምነኝ። በ2024 ደግሞ ስቴት መሆን ከግማሽ በላይ አገኘ፤ አሁን ያለው ሁኔታ ይቀጥል የሚለው ግን የምርጫ ወረቀቱ ላይ አልነበረም፣ ብዙ ሰውም ባዶ ወረቀት ጣለ።

የደሴቲቱ ፓርቲዎችም የተደራጁት በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው፤ አንዱ ስቴት እንሁን፣ አንዱ እንዳለን እንቀጥል፣ አንዱ ነፃ አገር እንሁን ይላል። ነፃነት የሚሉት ጥቂት ናቸው፣ ግን እየጨመሩ ነው። ሰውን የሚያመነታው የገንዘብ ነገር ብቻም አይደለም። ፖርቶ ሪኮ ከ1948 ጀምሮ በራሷ ቡድን ኦሊምፒክ ትገባለች። በ2016 ሪዮ ላይ ሞኒካ ፑዊግ በቴኒስ የመጀመሪያውን ወርቅ ስታመጣላት ደሴቲቱ በደስታ አበደች። ስቴት ሲኮን ያ ቡድን ይቀራል ተብሎ ይፈራል። የአትሌቶቻችንን ሩጫ ሌሊት ተነሥቶ ለሚያይ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እግረ መንገዴን፣ አዲስ አበባም ክልል አይደለችም። የከተማዋ ነዋሪ ግን በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 23 ወንበር አለው፣ ሙሉ ድምፅ ያለው ወንበር። በዚህ በኩል ከዲሲ ሰው የእኛው የአዲስ አበባ ሰው ይሻላል። ከደብዳቤዎቹ መሀል «ወሎስ?» የሚሉም አሉ። አይቻቸዋለሁ፤ በአሜሪካ ጉዳይ ጭራ ላይ የሚቀጠል ጥያቄ ስላልሆነ ዛሬ አልነካውም።

ጥያቄ፦ ጉዋምና ሳሞአስ ዕድል አላቸው?
ከሐይቅ

መልስ፦ የላቸውም፣ ቢያንስ በእኛ ዕድሜ። እነዚህ እንደ ፖርቶ ሪኮ በአሜሪካ ሥር ያሉ፣ ስቴት ያልሆኑ ደሴቶች ናቸው። ጉዋም 153 ሺህ፣ ቨርጂን ደሴቶች 87 ሺህ፣ ሰሜን ማሪያናና አሜሪካን ሳሞአ እያንዳንዳቸው 50 ሺህ እንኳ የማይሞላ ሕዝብ ነው ያላቸው። ለዚህ ሁለት ሴናተር የሚሰጥ የለም።

አሜሪካን ሳሞአ ግን ከሌሎቹ ትለያለች። እዚያ የተወለደ ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሆኖ አይወለድም፤ «ናሽናል» ነው የሚባለው። ፓስፖርት ይሰጠዋል፣ ዜጋ አይደለም የሚል ማስታወሻ ያለበት። ጥቂቶች ዜግነት ይገባናል ብለው ሲከሱ የደሴቲቱ መንግሥት ራሱ ተቃወማቸው። ምክንያቱ መሬት ነው። አብዛኛው መሬት የዘር ነው፣ የሚያስተዳድሩትም ማታይ የሚባሉ የየቤተሰቡ አለቆች ናቸው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሙሉ በሙሉ ከመጣ መሬቱ ለማንም መጤ ይከፈታል ብለው ይሰጋሉ። በአያት ርስት ሲካሰስ ለኖረ የወሎ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም። በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ።

ጥያቄ፦ 51ኛ ስቴት ቢገባ ባንዲራው በዚያው ቀን ይቀየራል?
ከወልድያ

መልስ፦ አይቀየርም። ከ1818 ጀምሮ ባለው ሕግ አዲስ ኮከብ የሚጨመረው ስቴቱ ከገባ በኋላ በሚመጣው ጁላይ 4 ነው። ሃዋይ የገባችው በነሐሴ 1959 ነበር፣ ባለ 50 ኮከቡ ባንዲራ የተሰቀለው ግን በ1960 ጁላይ 4 ነው።