ቼክ ኢንጂን ሲበራ ባትሪ ለምትነቅሉ ልጆች

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ በቴሌግራም ድምፅ ላከችልኝ። ቪትዝ ናት የምትይዘው፣ ራይድ ትሰራባታለች። "ጋሼ፣ ቼክ ኢንጂን በርቶብኛል፣ ልጆቹ ባትሪውን ነቅለሽ ትንሽ ቆይተሽ መልሺው ይጠፋል አሉኝ፣ ልንቀለው?" ነው የምትለው። በሳምንት ስንቴ የምጠየቀው ጥያቄ ነው። ግን "ነቅለሽ መልሺው" የሚለው ከሷ አፍ ሲወጣ የሆነ ነገር ደረቴን ያዘኝ፣ ስልኩን አስቀምጬ ውጪ ወጥቼ ቆምኩ። ይቺን ነገር እኔ አንድ ሰው ላይ አድርጌያታለሁ፣ እስከዛሬም ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ጋራዥ ውስጥ ከ30 አመት በላይ ሆኖኛል። ስራ ስጀምር የምንፈታው ላዳና ፊያት 600 ነበር፣ ቼክ ኢንጂን የሚባል፣ ሞተሩ ችግር ሲኖርበት ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራ ቢጫ መብራት የለም። አለቃችን ሙያውን ከጣሊያኖች የተማሩ ሽማግሌ ነበሩ፣ ረጅም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አስደግፈው እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና አይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። "ሁለተኛው ነው" ይላሉ፣ ካንዴላውን ስንፈታው እውነትም ሁለተኛው ጠቁሮ እናገኘዋለን። እኚህ ሰውዬ አንድ የሚያስቆጣቸው ነገር ነበር፣ ዘይት የሚያፈስ ሞተር መጥቶ እኛ ልጆቹ ሮጠን ካጠብነው ያብዳሉ። "ሳላየው ምልክቱን ለምን ታጠፉብኛላችሁ!" እያሉ። አንዴ ጨርቅ ወርውረውብኝ ፊቴ ላይ ነው ያረፈው። ያኔ የተቆጡኝ ስለ እጥበት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ታህሳስ 1999 ነው። ማታ 12 ሰዓት አካባቢ፣ ልንዘጋ በሩን እየገፋን ሳለ አንድ ደንበኛዬ ገቡ፣ የሒሳብ መምህር ናቸው፣ ስማቸውን አልጠራም። መኪናቸው ኮሮላ ነው፣ በፈረንጅ የ2003 ሞዴል። ከመኪናው ሳይወርዱ ነው የነገሩኝ፣ እናታቸው አርፈዋል፣ አገራቸው ከሸዋሮቢት ገባ ብሎ ነው፣ ቀብሩ ነገ 8 ሰዓት ነው፣ ጠዋት እህቶቻቸውን ይዘው ይነሳሉ። "ይቺ መብራት ዳገት ላይ ብልጭ ድርግም ትልብኛለች፣ ታደርሰኛለች?" አሉኝ። እሳቸው እያወሩ ራሱ ነዳጅ ሲሰጡት መብራቷ ትርግብግብ ስትል አይቻታለሁ። ወደ ኋላ ሄጄ ማርሚታው ጋ ጎንበስ አልኩ፣ ጭሱ ቱፍ ቱፍ ቱፍ ይልና አንዷን ይዘላል። አንድ ሲሊንደር እየሳተ፣ ቤንዚኑ ሳይቃጠልበት እየቀረ እንደሆነ ገብቶኛል፣ አልገባኝም ነበር ብል እዋሻለሁ። የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን ጥፋት የሚያነበው ስካነር ያኔ በሰፈራችን ያለው አንድ ጋራዥ ብቻ ነው፣ ሄጄ ለምኜ እስካመጣ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ቤት ደግሞ የማህበር ተራዬ ነበር፣ ሰው ተሰብስቧል፣ ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ደውላለች። 10 ቁጥር ቁልፍ አነሳሁና የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁት፣ እጄን በጨርቅ እየጠረግኩ ትንሽ ቆየሁ፣ መልሼ አሰርኩት። መብራቱ ጠፋ። "ችግር የለውም፣ በሰላም ይግቡ" አልኳቸው። 50 ብር ሰጡኝ፣ ተቀበልኩ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር" ብለውኝ ሄዱ።

የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ መንቀጥቀጡ ቢኖርም ሄዳለች። ወደ ጣርማበር ሲጠጉ ያ አገር ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው ሞተር በደህና ቀኑም ጉልበት ያንሰዋል፣ አራት ሰው ከነሻንጣው ተጭኖ ዳገት ሲመጣ የደከመው ኮይል፣ ለካንዴላው እሳት የሚልከው ማለት ነው፣ ጭራሽ እሳት አልሰጥ አለ። ሳይቃጠል ያለፈው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዳል፣ እዚያ ጭሱን የሚያጣራው ካታላይዘር ውስጥ ገብቶ ይነዳል፣ ካታላይዘሩ እንደ ፍም ይቀላል። ብልጭ ድርግም የምትለዋ መብራት የምትናገረው ይሄንን ነበር እኮ። መምህሩ መኪናዋ አልሄድ ስትላቸው ከአስፋልቱ ወጥተው ዳር ያዙ፣ የቆሙበት ቦታ ገብስ ተወቅቶ የተበተነ ገለባ ነበር። ካታላይዘሩ ያለው ከስር ነው፣ ከመሬት ብዙም አይርቅም። ትንሽ ቆይቶ ጭስ፣ ከዚያ እሳት። ገበሬዎች ሮጠው መጥተው አፈር በአካፋ እየወረወሩ አጠፉላቸው፣ ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ግን የሚያልፈው አውቶብስ ሁሉ ሞልቶ ነው የሚያልፈው፣ ከስንት ሰዓት በኋላ አንድ አይሱዙ ጫናቸው። ከሸዋሮቢት ወርደው በእግር ሲገቡ ነጠላውን ያዘቀዘቀው ህዝብ ከቀብር ሲመለስ መንገድ ላይ ተገናኛቸው።

ከሳምንት በኋላ መኪናዋ በጭነት ተጭና መጣች። የሞተሩን መሸፈኛ አንስቼ የሁለተኛውን ኮይል ስስበው ጎኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ፣ በስንጥቁ ዙሪያ ነጭ የቃጠሎ መስመር። ካንዴላው ረጥቦ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ኮይል በ350 ብር ገዛሁ፣ ለመቀየር ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ማታውኑ ስካነሩን አምጥቼ ቢሆን፣ ሌላው ቢቀር ኮይሎቹን አንድ በአንድ ስቤ ባየሁ ኖሮ! ሶማሌ ተራ በዚያ ሰዓት ቢዘጋ እንኳ በዚህ መኪና አይሂዱ፣ ሌላ መኪና ይፈልጉ ማለት ይቻል ነበር፣ የኔን ፒክአፕ መስጠት ይቻል ነበር፣ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ይሄን ይሄን እስካሁን አስባለሁ።

መምህሩ አጠገቤ ቆመው "ምን ሆና ነው?" ሲሉኝ "ኮይል ነገር ድንገት ነው የሚሄደው፣ አስቀድሞ አይታወቅም" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና "የሱ ፈቃድ ነው" አሉ። ከዚያ በኋላም ለስንት አመት መኪናቸውን ለኔ ነው የሚያመጡት፣ ልጃቸው መኪና ሲገዛም ወደኔ ነው የላኩት።

ወደናንተ ልመለስ። ዘይት እዩ ውሃ እዩ የሚለውን አልነግራችሁም፣ እሱን የማያውቅ መሪ አይያዝ። ቀይ የዘይት ወይም የሙቀት መብራት ከሆነ ወዲያው ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። ቢጫዋ ቼክ ኢንጂን ግን ሁለት አይነት ጠባይ አላት። ዝም ብላ ከበራች፣ መኪናው ካልተንቀጠቀጠና ጉልበት ካልቀነሰ ቀስ ብላችሁ ትነዳላችሁ፣ በማግስቱም ቢሆን ታሳያላችሁ። ብልጭ ድርግም ካለች ግን እግራችሁን ከነዳጁ አንሱ፣ ገለባና ደረቅ ሳር የሌለበት ቦታ ቁሙ፣ ዳገት አትሞክሩ፣ ለቅሶም ይሁን ሰርግ።

ስካነር ግዙ። ያኔ እኔ መለመን ነበረብኝ፣ ዛሬ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የምትገናኝ ትንሽዬ ነገር አለች፣ ከመሪው ስር ባለ 16 ቀዳዳዋ ሶኬት ላይ ትሰካላችሁ። አሜሪካኖቹ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ አውሮፓ ደግሞ ለቤንዚን መኪና ከ2001 ጀምሮ ነው ያስገደዱት፣ እናንተ የምትነዷቸው አብዛኞቹ መኪኖች አላቸው። መኪናው የመዘገበውን የጥፋት ኮድ ሳታጠፉ ፎቶ አንሱት። ደሞ ስካነር አለኝ ብላችሁ መካኒክ አትሁኑ። የዛሬ ልጆች ፈጣኖች ናችሁ፣ እኛ በአመት ያወቅነውን እናንተ በአንድ ማታ ታዩታላችሁ፣ ግን ኮዱን አንብባችሁ ቲክቶክ ላይ ፈልጋችሁ ወዲያው ሶማሌ ተራ ትሮጣላችሁ። ፒ 0171 የሚል ኮድ አይቶ ኦክስጅን ሴንሰር፣ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን፣ የገዛ ስንቱን አውቃለሁ፣ ኮዱ የሚለው ቤንዚኑ አንሶ አየሩ በዝቷል ነው፣ አየር የሚያስገባ የተቀደደ ላስቲክ ሊሆን ይችላል እኮ። ፒ 0302 ከሆነ ሁለተኛው ሲሊንደር እየሳተ ነው ማለት ነው፣ ምንም ሳትገዙ ሞተሩ ጠፍቶ የሁለተኛውን ኮይል ከሶስተኛው ጋር አቀያይሩት፣ ኮዱ ወደ 0303 ከዞረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው፣ ካልዞረ ካንዴላውን፣ ቤንዚን የሚረጨውን ኢንጀክተር እያላችሁ ትሄዳላችሁ። አለቃዬ ካቻቢቴው ይዘው ይሰሩት የነበረው ይሄንኑ ነው።

መብራት በርቶ ወር ሙሉ የሚነዱት ልጆች ያናድዱኛል። እኔም ግን የኦክስጅን ሴንሰር ማሞቂያው ተበላሽቶብኝ እቃው እስኪመጣ ሁለት ወር በርቶ ነድቻለሁ፣ ምን እንደሆነ በኮድ አይቼ አውቄው ስለነበር ነው፣ ልዩነቱ እሱ ይመስለኛል።

መኪና የምትገዙ ደግሞ፣ ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተሩን ሳታስነሱ ዳሽቦርዱን እዩ፣ ቼክ ኢንጂኗ የግድ መብራት አለባት፣ ካልበራች ወይ አምፖሏ ተቃጥሏል ወይ አንድ ሰው ገድሏታል። ባትሪ ነቅሎ ያጠፋውን ደግሞ ስካነሩ ያሳብቅበታል፣ ኮምፒውተሩ ፍተሻውን ገና አልጨረስኩም ይላል። እንዲህ ያለ መኪና ሻጩ ቢምልላችሁም ጥቂት ቀን ካልነዳችሁት አትክፈሉ።

ለእህቴ ልጅ ባትሪውን አትንኪው፣ ቅዳሜ ጠዋት እንዳለ አምጪልኝ ብያታለሁ።

መምህር፣ ልጅዎ እዚህ የምጽፈውን እንደሚያነብልዎ ነግሮኛል። ስምዎን ባልጠራም እርስዎ መሆንዎን ያውቁታል። ያኔ ኮይሉ ድንገት አልሄደም። ማታ ጋራዡ ሲመጡ መብራቷ ብልጭ ድርግም ስትል አይቻታለሁ፣ ሞተሩም ሲስት ሰምቻለሁ፣ ባትሪውን የነቀልኩት እያወቅኩ ነው።