ለኮምቦልቻ የኮምፒውተር ተማሪዎች

ልጆቼ፣ «ሶፍትዌር መሥራት ለምንፈልገው ለእኛ የሜሞሪ፣ የሪጅስተርና የአሰምብሊ ኮርስ ምን ያደርግልናል?» ስትሉ እሰማለሁ። ሪጅስተር የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር የሚሠራበትን ቁጥር የሚይዝባት ትንሽ ቦታ ናት፤ አሰምብሊ ደግሞ ለፕሮሰሰሩ ትእዛዝ በትእዛዝ የሚጻፍ ቋንቋ ነው። ፈተናውን አልፋችሁ ልትገላገሉት የምትሹት ይህ ኮርስ ከሁሉም ይልቅ አብሯችሁ የሚቆይ ነው ብል ትስቁብኝ ይሆናል። እኔ ስጀምር የተማርኩትን ቋንቋ ዛሬ የሚጠይቀኝ የለም፤ ቁጥር በቢት፣ ማለትም በ0 እና በ1፣ የሚቀመጥበት መንገድ ግን ያው ነው።

እስቲ በሲ ቋንቋ 4,096 ረድፍና 4,096 ዓምድ ያለው የኢንቲጀር (የሙሉ ቁጥር) ሠንጠረዥ ሥሩና አንዴ በረድፍ፣ አንዴ በዓምድ ደምሩት። ኮምፓይለሩ፣ ማለትም የጻፋችሁትን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ፕሮግራም፣ በራሱ እንዳያሻሽልባችሁ ማሻሻያውን አጥፉ። ድምሩ አንድ ሆኖ የዓምዱ ጊዜ እጅግ ይረዝማል። በሲ የአንድ ረድፍ ቁጥሮች ሜሞሪ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ፕሮሰሰሩ ከዋናው ሜሞሪ የሚያመጣው አንድ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ 64 ባይት፣ ማለትም 16 ኢንቲጀር በአንድ ላይ ነው። በረድፍ የሚሄደው ፕሮግራም ሁሉንም ይጠቀምባቸዋል። በዓምድ የሚሄደው አንዱን ወስዶ የቀሩትን ይተዋል፤ ዳገቱን ደሴ ድረስ ወጥቶ አንድ ኪሎ ስኳር ብቻ ይዞ እንደሚመለስ፣ ለሁለተኛው ኪሎም እንደገና እንደሚወጣ ሰው። ይህን ያላወቀ ባለሙያ ፕሮግራሙ ሲንቀራፈፍበት አዲስ ኮምፒውተር ይገዛልኝ ይላል። ይገዛለታልም፤ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ሌላም አለ። ምልክት ያለው (ከዜሮ በታችም መሆን የሚችል) የ32 ቢት ኢንቲጀር ከ2,147,483,647 በላይ አይቆጥርም። ብዙ ሲስተሞች ደግሞ ጊዜን የሚቆጥሩት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ወዲህ ባለፉት ሰከንዶች ነው። በ32 ቢት የሚቆጥሩት ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ይሞላባቸዋል። ዕለቱ ጥምቀት ነው! ታቦቱ ገና ከጥምቀተ ባሕሩ ሳይነሣ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሚገለበጥ ሰዓታቸው ወደ 1894 ዓ.ም.፣ ወደ አፄ ምኒልክ ዘመን ይመለሳል። አዳዲሶቹ ሲስተሞች ወደ 64 ቢት ስለተሸጋገሩ ብዙም አያሳስቡኝም። የሚያሳስቡኝ በየማሽኑ ሆድ ውስጥ ተቀብረው የሚሠሩት አሮጌ መቆጣጠሪያዎች ናቸው፤ ኮምቦልቻ ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ናት። ያኔ ክፍተቱን የሚፈትሽ ሰው ቢፈለግ እናንተ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ትሆናላችሁ።

አብሽሩ፣ ለመጀመር ውድ ዕቃ አያሻም። ሊኑክስ የተባለው ነፃ ሲስተም የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ፣ ጂሲሲ (የሲ ኮምፓይለር) እና ጂዲቢ (ፕሮግራምን እያስቆሙ የሚመረምሩበት መሣሪያ) ይበቃሉ፤ አንዴ ከተጫኑ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራሉ። አሥር መስመር የሲ ፕሮግራም ጻፉ፤ ወደ አሰምብሊ ለውጡና አንብቡት። ከዚያ በጂዲቢ አንድ አንድ ትእዛዝ እያስኬዳችሁ ሪጅስተሮቹ ሲለዋወጡ ተመልከቱ። የመጀመሪያው ሳምንት ያሰለቻል፤ ከጓደኛ ጋር ብትሠሩት ይቀላል።